የእትዬ ምስማር ካርድ

ከፊቴ አንድ ካርድ ተቀምጧል። ካርድ ማለቴም ለማሳመር ነው፤ ከሸሚዝ ካርቶን በመቀስ የተቆረጠ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው፣ አናቱ የተበሳ ቁራጭ ነው። ፊት ለፊቱ በታይፕ የተመታች አንዲት መስመር አለች፤ «ቡድኑን ማስተባበር»። ነገ ከሰዓት ወስጄ እሰቅለዋለሁ። ከመስቀሌ በፊት ግን የባለቤቱን ታሪክ ልጻፍ፤ ምክንያቱም ዘንድሮ የመጡት የቡድናችን አባሎች «እትዬ ምስማር» ሲባል ምስማር ይሸጡ የነበሩ ሴት ይመስላቸዋል።

ነጋዴስ አልነበሩም። የውሃ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሌላ ሰው ደብዳቤ ጻፉ። «በዚያ ሁሉ ዘመን ከራሴ አፍልቄ የጻፍኩት ነገር ቢኖር ቀኑን ብቻ ነው» ይሉን ነበር። አምስት አለቃ ተፈራርቆባቸዋል፤ አንዱ ጯሂ፣ አንዱ ቂመኛ፣ አንዱ ደግሞ አንድን ደብዳቤ አሥራ ሁለት ጊዜ አስተካክሎ በመጨረሻ ወደ መጀመሪያው የሚመልስ። ከእነዚህ ሁሉ የተማሩት የትእዛዝን ጠባይ ነው። የታዘዘ ሰው «እሺ» ይላል። «እሺ» ብሎ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚታጠፍ የምታየው ግን አለቃው ሳይሆን በር ላይ የተቀመጠችው ጸሐፊ ናት።

ወደ እኛ ያመጣቸው የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ቴክኒሺያን ነው። ዝምታ እንለዋለን። በዓመት ሦስት ቃል ከተናገረ ዘንድሮስ በዛ እንላለን፤ ዝም አይነቅዝም የተባለው ለእሱ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ቀን መሥሪያ ቤቱ የገዛው መጻፊያ ፕሮግራም ፈቃዱ አለቀና የእትዬን ደብዳቤዎች ሁሉ ቆልፎ አልከፍትም አለ። ዝምታ መጣ፣ ሌላ ጫነላቸው፣ ደብዳቤዎቹ ተከፈቱ። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩትን እትዬ ሲያወሩት መቶ ጊዜ ሰምቻለሁ።

«ይኼን ማነው የሠራው?»

«ሰዎች።»

«የት ያሉ ሰዎች?»

«የትም።»

«ማን ይከፍላቸዋል?»

«አብዛኞቹን ማንም።»

«እና ማን አዘዛቸው?»

«ማንም።»

ሳይከፈላቸው መሥራታቸው ብዙም አልገረማቸውም፤ ሳይከፈላት የምትሠራ ሴት በየቤቱ አለች። ያስገረማቸው የመጨረሻው ነው። በየአገሩ ያለ ሰው፣ ማንም ሳያዘው፣ የፕሮግራሙን ውስጡን ገልጦ እያየ፣ የተጣመመውን እያቃና፣ ያቃናውን ለሁሉም እየለቀቀ ይኖራል? «የሚሰበሰቡበትን አሳየኝና በዓይኔ ልያቸው» አሉት። ምስኪን እትዬ። ያመጣቸው ወደ እኔ ነበር።

እኛ ፕሮግራሙን የምንሠራው አልነበርንም፤ የምናስተዋውቀው ነበርን። በበጎ ፈቃድ ተሰብስበን በራሪ ወረቀት እንበትናለን፣ ፕሮግራሙን በሲዲ እናባዛለን፣ ትምህርት ቤትና ቤተ መጻሕፍት እየዞርን እናሳያለን። ቀላል ይመስላል። ነፃ ነገርን ማስተዋወቅ የሚያህል ከባድ ሥራ ግን የለም። የሚሸጥ ነገር ይዘህ ብትሄድ ሰው በዋጋ ይከራከርሃል፤ ነፃ ነው ስትለው «ምን ሆኖ ነው?» ይልሃል። አንድ ርእሰ መምህር ሲዲያችንን በሁለት ጣታቸው ጫፍ ይዘው መስኮት ድረስ ሄደው በብርሃን አገላብጠው አይተውታል።

የቡድኑ መሪ እኔ ነበርኩ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ድምፄ ከኋላ ወንበር የሚያንጎላጁትን መቀስቀስ የለመደ ነው፤ የተመረጥኩትም በድምፄ ይመስለኛል። በተመረጥኩ በሳምንቱ የመዋቅር ሰንጠረዥ ሠራሁ። አሥራ አንድ ሳጥን ነበረው። እኛ ስድስት ነበርን። ከስድስታችን አንዱ የሆነው ፎቶ አንሺ ለብቻው ሦስት ሳጥን ደረሰው፤ የምስል ክፍል ኃላፊ፣ የውጭ ግንኙነት ኃላፊና የራሱ ምክትል ሆነ። ከሁሉም በላይ አንድ ሰፊ ሳጥን አለ፤ የማን እንደሆነ አልናገርም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለኝ ሰው አጣሁ፤ ወይም የሚለኝ ነበረና እኔ አልሰማሁም። እትዬ ቃለ ጉባኤ ያዥ ተባሉ። ከብዕርና ወረቀት ሸሽተው ሊያመልጡ ነበር እንዴ?

የትምህርት መሣሪያዎች አውደ ርዕይ ሲደርስ አንድ ጠረጴዛና አንድ ግድግዳ ተሰጠን። ሥራውን ለየሰው መደብኩ። በየቀኑ እየደወልኩ «ከምን ደረሰ?» እላለሁ፤ ሁሉም «እሺ፣ ይደርሳል» ይሉኛል። የአውደ ርዕዩ ቀን ጠዋት የደረሰው እንዲህ ነው። ፎቶ አንሺው የሠርግ ሥራ ይዞት የጠረጴዛውን ጨርቅና ፎቶዎቹን አላመጣም። ሲዲዎቹ እኩሌታቸው ሲባዙ ማባዣው ተበላሽቶ ቀርተዋል። በራሪ ወረቀቱን የያዝኩት እኔው ነበርኩ፤ እሱም አልታተመም፣ ሰው ስቆጣጠር ጊዜ ከየት አግኝቼ። በሰዓቱ ታትሞ የመጣ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመዋቅር ሰንጠረዡ። በትልቅ ወረቀት፣ በቀለም። ባዶ ከሚሆን ብዬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ቀኑን ሙሉ ሰው እየቆመ ያነብና «እናንተ ግን ሥራችሁ ምንድነው?» ይለናል። አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጥተው የሚቀጥር መሥሪያ ቤት መስለናቸው ማመልከቻ ለማን እንደሚሰጥ ጠየቁኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ያስተረፍኩት ሰው አልነበረም። አንድ በአንድ እያነሣሁ ጮህኩባቸው። ዝምታ ላይ እንኳ ጮህኩ። ስጨርስ እትዬ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና «መምህር፣ አንድ ነገር ልበል?» አሉ።

«ይበሉ።»

«እሺ ያሉህ ፈርተውህ ነው። እዚህ ሰንጠረዥህ ላይ ሰው አልችልም የሚልበት ቦታ የለም።»

እውነት ነበር፤ ያናደደኝም እውነትነቱ ነው። «እንግዲያው እርስዎ ይምሩት!» ብዬ በሩን ድርግም አድርጌ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ «አባረሩኝ» አልኳት። ማንም አላባረረኝም። ግን ከተዋረደ ሰው ይልቅ የተባረረ ሰው ያሳዝናል፤ እኔም እንድታዝንልኝ ፈልጌ ነበር።

ሁለት ወር ጠፋሁ። አንድ የረሳሁት ነገር ግን ነበር። ከጠቡ በፊት ሱሪ እንዲያሳጥሩልኝ ለእትዬ ባል ሰጥቼ ነበር፤ ልብስ ሰፊ ናቸው። አንድ ማክሰኞ ደወሉልኝ።

«ሱሪህ አልቋል።»

«አሁኑኑ መጥቼ ልውሰደው።»

«ቅዳሜ ከሰዓት ነው የምንሰጠው።»

«ዛሬ ሱቅ አልከፈቱም እንዴ?»

«ሱቁማ ክፍት ነው። ሱሪው ነው ቅዳሜ የሚወጣው።»

ቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ የሚደረግበት ሰዓት ነው። ቢሆንም ያለኝ ደህና ሱሪ እሱ ስለነበር ሄድኩ። ስብሰባው ከትምህርት ቤታችን ወጥቶ ወደ ልብስ ስፌት ቤቱ የኋላ ክፍል ተዛውሯል። ጠባብ ክፍል ናት፤ ጥግ ላይ የቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር፣ በአንድ በኩል ካውያ የተጣደበት ጠረጴዛ፣ ወለሉ ላይ ብትጠርገው የማያልቅ የክር ብጥስጣሽ። ግድግዳው ላይ ያረጀ የጨርቅ መቁረጫ ጣውላ ቆሟል። በሦስት ረድፍ ሠላሳ ምስማር ተመቶበታል፤ በየምስማሩ ላይ ካርድ ተንጠልጥሏል። ሁሉም ነበሩ። ማንም ስለ ሁለቱ ወር አላነሣም።

እትዬ ለአዲስ ሰው እንደሚያስረዱ ሁሉ አስረዱኝ። በካርዱ ፊት አንድ ሥራ በአንድ መስመር ይጻፋል፤ በአንድ መስመር አልጻፍም ካለ ሥራው ትልቅ ነውና ለሁለት ይቆረጣል። የነካ ወሰደ፤ እያገላበጡ ማማረጥ የለም። የወሰደ ሰው ከጀርባው ስሙንና ቀኑን በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ማንም የሌላ ሰው ስም አይጽፍም። የጨረሰ «አለቀ» ብሎ ይመልሳል። ያልቻለም የመለሰበትን ቀን ጽፎ እምስማሩ ላይ መልሶ ይሰቅላል።

«ለምን መለስክ ሲባልስ ምን ይላል?» አልኳቸው።

«የመለሰ አይጠየቅም።»

ሳቄ መጣ። «እንዲህ ከሆነማ ማንም አይሠራም» አልኩ፤ እንዲህ እያልኩ ካርዶቹን ለማንበብ ጎንበስ ስል ጣቴ አንዱን ነካ አደረገው። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው «ነካ!» አሉ። ፎቶ አንሺውም «ነካ! ነካ!» አለ። ካርዱን ሳየው «ለቤተ መጻሕፍቱ ደብዳቤ ማድረስ» ይላል። ስሜን ጻፍኩ። ሱሪዬንም ሰጡኝ፤ ትንሽ አጥሯል፤ ይገባኛል።

ያንን ዘመን ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የእትዬ ታይፕ ድምፅ ነው። ኮምፒውተር እያለ ካርዶቹን በአሮጌ ታይፕ ነበር የሚመቱት፤ «ታይፕ ላይ ሲሳሳቱ መልሶ ማጥፋት ስለሌለ ሰው አስቦ ይጽፋል» ይላሉ። ቀጥሎ የካውያው የእንፋሎት ሽታ። ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ከኮት ገበር የሠሩልን ሰንደቅ፤ እንዲህ ያለ ልስልስ ጨርቅ ስለነበር ጠረጴዛችን ጋ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን መዳሰስ ነው። እየዳሰሰ ሳለ ዝምታ ሲዲ እጁ ላይ ያስቀምጥበታል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ካርድ እንደ ጉድ ተመለሰ። እኔ በሆዴ «ይኸው!» እላለሁ። ቆይቶ ግን አንድ ነገር አየሁ፤ የሚመለሰው በጊዜ ነበር። በእኔ ዘመን ሥራው እንዳልተሠራ የሚታወቀው በዋናው ቀን ጠዋት ነው፤ አሁን ግን ያልቻለው ሰው በሳምንቱ አምጥቶ ይሰቅለዋል፣ ሌላው ያነሣዋል። «ሬዲዮ ጣቢያ ሄዶ መናገር» የምትል ካርድ አራት ጊዜ ወጥታ አራት ጊዜ ተመለሰች። አምስተኛው ላይ የወሰዳት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዝምታ። ቅዳሜ ሁላችንም ሬዲዮ ከበን ተቀመጥን። ጋዜጠኛው የማይጠይቀው የለም፤ ዝምታ «አዎ»፣ «አይደለም»፣ «እሱ ላይ ደካማ ነው»፣ «ይሞክሩት» እያለ ሃያውን ደቂቃ ጨረሰ። ፎቶ አንሺው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። በሚቀጥለው ሳምንት ለሥልጠናችን የመጣው ሰው ወንበር አልበቃው አለ። አንድ ሽማግሌ «ዕቃውን ደካማ ነው የሚል አስተዋዋቂ ሰምቼ ስለማላውቅ ላየው መጣሁ» አሉን።

እትዬ «ይህን አድርግ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ፎቶ አንሺው አንዲት ካርድ ሦስት ጊዜ ወስዶ ሦስት ጊዜ መለሰ፤ በሦስተኛው ዓይናችንን ማየት አቅቶት ነበር። እትዬ ካርዷን አወረዱ፣ የባላቸውን መቀስ አንሥተው ለሁለት ቆረጧት፣ ሁለት አዲስ መስመር መትተው ሰቀሉ። አንዷ «ፎቶ ማንሣት» ትላለች፤ ሌላዋ «ፎቶውን ማተሚያ ቤት ማድረስ»። ፎቶ አንሺው የመጀመሪያዋን አፈፍ አደረጋት። ከማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ጋር ተኮራርፎ እንደነበር የሰማነው ከዓመት በኋላ ነው። እትዬ ያን ቀን አውቀው ይሁን ገምተው አልነገሩንም።

ለእሳቸው ከሁሉ የሚበልጥባቸው የጸሐፊዎች ሥልጠና ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ አንድ ክፍል ሰጥቶን በየሳምንቱ ከየመሥሪያ ቤቱ የሚመጡ ጸሐፊዎችን በነፃ እናስተምራለን። በመጀመሪያው ቀን እትዬ ፊታቸው ቆመው «ዛሬ ማንም የነገራችሁን አትጽፉም፤ ከራሳችሁ የሆነ ነገር ጻፉ» ይላሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ባዶ ገጽ ላይ አፍጥጠው የሚቀሩ ነበሩ። አንዲት ሴት አለቅሳለሁ ብላ ሳታስብ አለቀሰች።

በሰሌዳው መካከለኛ ረድፍ ላይ ሁልጊዜ ባዶ የሆነች አንዲት ምስማር ነበረች። የእሷ ካርድ «ቡድኑን ማስተባበር» የምትለው ናት፤ እትዬ ስለወሰዷት ቦርሳቸው ውስጥ ናት የምትኖረው። ሥራ ነውና እሱም ካርድ አለው፤ ከሌላው አይለይም። ያቺ ምስማር ዘጠኝ ዓመት ባዶ ሆነች፤ እንግዲህ የተፈጥሮ ሥርዓት መስላን ነበር።

በዘጠነኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ ስንገባ ምስማሯ ላይ ካርድ ተንጠልጥሏል።

ምን ይባላል? የመለሰ አይጠየቅም። እትዬ ጥግ ላይ ተቀምጠው በራሪ ወረቀት ያጥፋሉ፤ እጥፋቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይጫኑታል። ፊታቸው ላይ ሕመም የለም፣ ቁጣም የለም። ስወጣ ልብስ ሰፊውን ያዝኳቸውና «አባባ፣ እትዬ ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው። «እኔ የማውቀው ሱሪ ነው» ብለው ወደ መኪናቸው ዞሩ።

ካርዱን የሚያነሣ ጠፋ። ለሁሉም ያ የእትዬ ነው። እኔ ደግሞ የራሴ ጣጣ አለብኝ፤ ያንን ካርድ ባየሁ ቁጥር አሥራ አንዱ ሳጥን ዓይኔ ላይ ይመጣል። አንዴ መርቼ ያፈረስኩትን በምን ዓይኔ? አንድ ነገር ግን ቶሎ መታየት ጀመረ። አዲስ ካርድ መትቶ የሚሰቅል አስተባባሪው ነው። ታይፑ ዝም አለ። የተሰቀሉት ካርዶች አንድ በአንድ እየተሠሩ አለቁ፤ እትዬም እንደ ማንኛችን ይወስዳሉ፣ ይመልሳሉ። በሁለተኛው ቅዳሜ አሥር ቀሩ፣ በሦስተኛው አራት። በአምስተኛው ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ ሃያ ዘጠኝ ባዶ ምስማርና አንድ ካርድ ብቻ ነበር።

በዚያ ቅዳሜ ከቤተ መጻሕፍቱ ደብዳቤ መጣ። የሥልጠናውን ክፍል ለቀጣዩ ዓመት የሚፈልግ ቡድን እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ቅጽ ሞልቶ ያቅርብ፣ አስተባባሪው ይፈርም ይላል። ካልተፈረመ ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነው።

ፎቶ አንሺው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና «እንግዲህ ፕሮግራሙ ያለእኛም ይኖራል፤ እኛም በሰላም እንለያይ» አለ። ቀልድ ሊያደርገው ነበር፤ አልሳቅንም። የእትዬን እጅ አየሁ። በግማሽ የታጠፈውን ወረቀት ይዞ ቆሟል፤ ጥፍራቸው እጥፋቱ ላይ አልወረደም። የሚያለቅሱት ጸሐፊዎች፣ ባዶ ገጽ ላይ አፍጥጠው የሚቀሩት ሴቶች፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የለፉበት ነገር በሰዓት ተኩል ውስጥ ሊያበቃ ነው። እጃቸውን ዘርግተው ቢነኩት ያድኑት ነበር። አልዘረጉም።

በዚህ መካከል ዝምታ ወደ እኔ ዞረ።

«ንካው» አለኝ።

የዚያ ዓመት የመጀመሪያ ቃሉ ሳይሆን አይቀርም። ተነሣሁ። ሰሌዳው ፊት ቆሜ ሰንጠረዡንም፣ ማመልከቻ የጠየቁኝን እናትም፣ ድርግም ያለውን በርም አሰብኩ። ከዚያ የእትዬን እጅ አሰብኩና ነካሁት። ልብስ ሰፊው እንደ ልማዳቸው «ነካ!» አላሉም።

ስሜን ልጽፍ ካርዱን ገለበጥኩ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ስሜ ነበር። በእኔ እጅ ሳይሆን በእትዬ የእጅ ጽሑፍ፣ በዚያ በተጠና ቀጥ ባለ ፊደላቸው። «ወሰደ» ከሚለው ጎን የተመረጥኩበት ቀን አለ። «መለሰ» ከሚለው ጎን በሩን ድርግም አድርጌ የወጣሁበት ቅዳሜ። ሁለተኛው መስመር የራሳቸው ስም ነው፤ የወሰዱበት ያው ቅዳሜ፣ የመለሱበት ካርዱን ምስማሯ ላይ ያየንበት ቅዳሜ። ከዚያ በታች ባዶ ነው።

ማንም የሌላ ሰው ስም አይጽፍም ብለው ያወጡት ራሳቸው ናቸው። በዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ጣሱት፤ ለእኔ። እኔ ለባለቤቴ ተባረርኩ ብዬ ነበር። ለራሴ ደግሞ አዋረዱኝ ብዬ ነበር። ካርዱ ላይ ግን አልተባረርኩም፣ አልተዋረድኩም፤ ወስጄ ነበር፣ አልቻልኩም፣ መለስኩ። የመለሰ ደግሞ አይጠየቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለዚያ ሰንጠረዥ አንድ ሰው እንኳ አንሥቶብኝ የማያውቀው ረስተውት መስሎኝ ነበር። ቀና ስል የደነገጠ ሰው የለም። ፎቶ አንሺው ጣሪያ ያያል፤ ዝምታ ጫማውን። ሁሉም ከመጀመሪያው ቀን ያውቁ ነበር።

«እትዬ…» አልኩ፣ «የሰው ስም አይጻፍም ብለው…»

እትዬ ቀና አላሉም። ጥፍራቸው ወረቀቱ ላይ ወረደ፣ እጥፋቱንም ጨከን ብሎ ተጫነው። «እስክሪብቶ ስጠው» አሉ ለባላቸው። ለእኔ ደግሞ፣ «ቀኑን መጻፍ እንዳትረሳ፤ ሰዓቱ ሄዷል።»

ቅጹን አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው አስገባሁ። ወረፋው ላይ የቆምኩት እንባዬን እየጠረግሁ ነው፤ ከፊቴ የቆመው ሰው ጉንፋን መስሎት ራቅ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አብረን ሠራን። እሳቸው እንደማንኛችን ካርድ እየወሰዱ፣ እኔ በእሳቸው ታይፕ ካርድ እየመታሁ፤ ስሳሳትም ከጥግ ሆነው ስለሚሰሙ «አስበህ ምታ እንጂ» እያሉኝ። ከዚያ ልጃቸው ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ባልና ሚስቱን ልትወስዳቸው ሆነ። አውቶቡስ ተራ ሄደን ስንሸኛቸው ሻንጣቸውን ጣሪያው ላይ ካስጫንኩ በኋላ መስኮታቸው ሥር ቆምኩ። ዳግመኛ የማላገኛቸው መስሎ ተሰማኝ፤ አላገኘኋቸውምም፤ ካረፉ አራት ዓመት ሆናቸው።

«እትዬ፣ ያኔ ካርዱን ለምን…»

ጣታቸውን አነሡ። «መምህር! የመለሰ?»

«አይጠየቅም» አልኩ።

«እኮ» ብለው ሳቁ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ልብስ ሰፊው ከውስጥ አንገታቸውን አውጥተው «ሱሪህን ላክልኝ፣ እንደገና ላስተካክልልህ!» አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማጠሩን ያውቁ ኖሯል።

ጠይቄ ያልጨረስኩት ነገር መልሱ ባለፈው ቅዳሜ በራሱ ጊዜ መጣልኝ። ሰሌዳው ፊት ቆሜ አዲሶቹን ካርዶች እየሰቀልኩ ነበር። ይህን እሷ ትወስዳለች፣ ይህን እሱ፣ ያንን ደግሞ ያኛው ይመልሰዋል እያልኩ አንድ በአንድ በሆዴ ደለደልኳቸው። እነሱም ገብተው ልክ እንዳልኩት አነሡ። መጀመሪያ ኩራት ተሰማኝ። ቤቴ ስሄድ ግን መንገድ ላይ ቆምኩ። በሆዴ የሰው ስም መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ እነሱም ሳይናገሩ ያነቡኛል። ሳጥኖቹ ተመልሰው መጥተዋል፤ የአሁኖቹ ግን ስለማይታዩ ማንም ሊስቅባቸው አይችልም። እትዬ የመለሱት በዚህ ይሁን በሌላ አላውቅም። እኔ ግን የምመልሰው በዚህ ነው።

እናም የነገውን ቀን በገዛ እጄ ከስሜ ጎን ጻፍኩ። ከበታቹ ገና ቦታ አለው። ነገ ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ በመካከለኛው ረድፍ ባዶዋ ምስማር ላይ እሰቅለውና፣ ጥግ ሄጄ በራሪ ወረቀት ማጠፍ እጀምራለሁ። ይገባሉ፣ ያዩታል፣ ይተያያሉ። ማንም ለምን አይለኝም።